ለዳማ ጆሮ

ጋሪ ነበር ሥራዬ፣ ፈረሴ እስኪሞት ድረስ፤
ባጃጅ ከበዛ ወዲህ ማን ይሳፈር በፈረስ?
ልጓሙን ሸጥኩና፣ ጎማውንም ጭምር፣
ጊደር ገዛሁበት፣ ወተት ለመጀመር።

ከቦኩ በታች ነው ግቢያችን ያለበት፣
ነፋስ አቧራውን ሲነፋ ሚያድርበት።
ጊደሯ ላም ሆነች፣ ዳማ የምንላት፣
ከከተማው ስም ላይ «አ»ን ቀንሰንላት።

ሰኔ ሲገባ ግን ጆሮዋ ከበደ፣
መዥገሩ እንደ ጉሎ ዘለላ አወረደ፤
ከጭራዋ ሥር፣ ከብሽሽቷ ገብቶ፣
ይጠባል ሳያፍር፣ ጥጃዋን ተክቶ።
አራት ሊትር ነበረ፣ ሁለት ሆነ ወርዶ፤
ግማሹን ያለበው መዥገር ነው ተጣምዶ።

አምና ከገበያ መርዝ ገዝቼ ነበር፣
ስም የሌለው ብልቃጥ፣ ያለ ልክ፣ ያለ ምክር።
በጥብጬ ረጨሁ፣ አፌን ሳልሸፋፍን፤
ሦስት ቀን ሙሉ ሳልኩ፣ ሌት ተቀን እንደ ሕፃን።
ጥጃዋም ለሃጯን ታዝረከርክ ጀመር፤
ሰፈሩን ያልለቀቀ መዥገሩ ብቻ ነበር።

ኦብሳ፣ ጎረቤቴ፣ የከብት ሐኪሙ ልጅ፣
ሲወጣ አገኘኝ ተክዤ ከደጅ።
«ጋሼ፣ ይሄ ኒሙ ላንተ ጥላ ብቻ ነው?
ፍሬው ሲረግፍ የት ነው የምትጥለው?»

ጎህ ሳይቀድ ወጣሁ ወደ አስፋልቱ ዳር፣
እታገኝ ከምትባል መንገድ ጠራጊ ጋር።
እሷ ለቆሻሻ የምትሰበስበው
ለኔ መድኃኒት ነው፣ ጆንያ የሚሞላው።
«ይሄን ደግሞ ማን በላ?» ብላ ሳቀችብኝ፤
በሁለተኛው ቀን ግን ከምራ ጠበቀችኝ።

ሎሚ፣ ባለቤቴ፣ በብረት ሙቀጫ
ስትወቅጠው ዋለች፤ ቤቱ እስከ መውጫ
ነጭ ሽንኩርት ሸተተ። ሌሊቱን ዘፈዘፍን፣
በአሮጌ አጎበር ንጋት ላይ አጠለልን፤
ትንሽ የልብስ ሳሙና ፍቀን ጨመርንበት፣
ፀሐይ እንዳይበላው ማታ ቀባንላት።

ግን እኔ ሞኝ ነኝ፣ ትጋት ሲያሰክረኝ
ጡቷንም ቀባሁት፣ ማንም ሳይመክረኝ።
ሲነጋ እትዬ ድንቋ ጆጓን ይዛ መጣች፣
«የላም ነው ወይስ የሬት?» ብላ ጠየቀች።
ቀመስኩት፦
መራራ።
ሎሚ ሳቀች፤ እኔ
አንድ ሊትር ከፈልኩ ለራሴ ኩነኔ።

በአምስተኛው ቀን ጆሮዋን ገልጬ ሳይ፣
ጥቂቱ ደርቋል፣ እንደ ዘቢብ ከላይ፤
ጥቂቱም ረግፏል፣ ዶሮ ለቅሞታል፤
የቀረውስ? የቀረው አሁንም ይጠባል።
ለኦብሳ ብነግረው፣ እየሳቀ ቃል አለ፦
«ይሄ ጥይት አይደለም፣ ባንዴ የሚጥል» አለ፣
«ተመላለስበት። ጣትህስ የት አለ?»

እናም በየሳምንቱ፣ ቅዳሜ ሲመሽ፣
ጆሮዋን እይዛለሁ፣ «አይዞሽ፣ ዳማ፣ አይዞሽ»፤
በግራዬ ኒሙን ባሮጌ ጨርቅ ይዤ፣
በቀኜ መዥገሩን እንደ ክር መዝዤ፣
የላምባው ጣሳ ውስጥ ጠብ ሲል ይሰማል፤
ሁለት ሊትሩ ሦስት ሊሆን ይዳዳዋል።

ትናንት ከኒሙ ግንድ ቀይ ቀለም አየሁኝ፤
«መንገዱ ሊሰፋ ነው» እታገኝ አለችኝ።
ምንም አልመለስኩም። ማታ ቤት ስገባ
አሥራ ሁለት ፍሬ፣ ከሙቀጫው ሳይገባ፣
ለብቻው ለይቼ፣ ሳልወቅጥ አስቀረሁ፤
በተሰነጠቀ ጆግ አፈር ሞልቼ ቀበርሁ።

ይበቅል እንደሆነ እንጃ። ዳማ መጥታ አሸተተች፣
መራራ መሆኑን ከኔ ቀድማ አወቀች፤
ጆሮዋን አርገፍግፋ ወደ ድርቆሽ ዞረች።