ምርቃት

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት መርከባችን ሂሎ ደረሰች፤
ዝናቡ ቀድሟት ኖሯል፣ እየራሰች መልሕቅ ጣለች።
«አሥራ አንድ ሰዓት እንነሳለን፤ የዘገየ ይቀራል»
አለ ከጣሪያው ድምፅ። ትርሲት፦ «ሲያስፈራራ ያምርበታል።»

አንድ ቀን ነው የተሰጠን፤ እሱም ውሃ ጠጥቶ የከበደ።
እኔ ነጭ የሸራ ጫማ አድርጌ፣
እሷ ፀጉሯን ትናንት ተተኩሳ፣
ሞኝነታችንን ለሁለት ተካፍለን ወረድን።

መጀመሪያ ዣንጥላ ገዛሁ።
ባለሱቁ «ለምን?» አለኝ፤ እየሸጠልኝ ተገረመ፤
«እዚህ ሰው ይረጥባል፣ ይደርቃል፤ ይኼው ነው»
ብሎ መልሴን ቆጠረና ደጅ ወጥቶ ካፊያው ውስጥ ቆመ።

ከዚያ ገበያው። ከሸራ ድንኳኑ ሥር
ቀይ ጃርት የመሰለ ፍሬ፣ ስሙን ሁለቴ ጠይቄ ሁለቴ የረሳሁት፣
ዘይት የተቀባ የሚመስል አበባ፣ ላስቲክ ነው ብዬ በጥፍሬ የነካሁት፣
ፓፓያው ሦስት ሦስት ሆኖ።
ትርሲት ዋጋ ሲነገራት ቦርሳዋን ትከፍታለች፤
እኔ አልችልም። ዋጋ ሰምቼ ዝም ማለት አልተፈጠረብኝም።

ፓፓያ የምትሸጠው አሮጊት፣ ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል፣ ሺዙኤ፣
«ስድስት ዶላር» አለች። «አራት» አልኩ። «ስድስት» አለች።
«አምስት።» «ስድስት»፣ ቢላዋዋን እየወለወለች።
ፊቷ ጅረት ያጠበው ድንጋይ፣ የማይከፈት፣ የማይዘጋ፤
ሰጠሁ ስድስቴን፣ ሽንፈቴን ይዤ ልሄድ ትርሲት ጋ።

እጄን ያዘችኝ።
ከጠረጴዛው ሥር፣ ከጨርቅ መሃል፣ አንዲት ትንሽ፣
ጎኗን ወፍ የቀመሰቻት ፓፓያ አውጥታ ከረጢቴ ውስጥ ጣለች።
«ይቺን አልሸጥም» አለች፤ «ጣፋጯ ናት፤ ወፏ ታውቃለች።»

ምርቃት ነው ይኼማ! አልኩ፣ በአማርኛ።
ምርቃት፤ ከሚዛን በላይ የሚወድቅ እፍኝ፣
ምርቃት፤ እጅ ተዘርግቶ አሜን የሚባልበት፤
ሁለቱን በአንድ ቃል ያሰረው ሰው
ገበያ መሃል የቆመ መሆን አለበት።
አሜን አልኩ። እሷም ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ አሜን።

ፏፏቴው ጋ ቀስተ ደመና አለ ተብለን ሄድን፤
አልነበረም። ሻይ የመሰለ ጎርፍ ብቻ፣ ከጥቁር ገደል አፍ።
ትርሲት የሌለውን ቀስተ ደመና ፎቶ አነሳችው፦
«ቦታው ይኼ ነው፤ መምጣት አለመምጣት የራሱ ጉዳይ።»

ስንመለስ፣ ባሕሩ ዳር፣ ምሰሶ ላይ የቆመ ሰዓት።
አንድ ከአራት ደቂቃ ይላል፤ በእኛ አቆጣጠር ሰባት።
«ተበላሽቷል» አለች ትርሲት። ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ፤
«አልተበላሸም። ማዕበሉ የመጣበት ሌሊት ነው።
ከዚያ ወዲያ አላስቀጠሉትም።»
ሌላ አልጨመረም። ዝናብ መጥረጊያው ብቻ ወዲያ፣ ወዲህ።
ከረጢቴን ጭኔ ላይ አቀፍኩ።
ሺዙኤ በዚያ ሌሊት ስንት ዓመቷ ነበር?
ስንቱ ሄደ፣ ስንቱስ ተረፈ፣
ከሚዛን በላይ እንደ ወደቀ እፍኝ?

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ፣ መርከቧ ደጃፍ፣ ዘበኛው
«ፍሬ አይገባም» አለ፤ ትሑት፣ ግን የማይበገር።
ሦስቱን ትላልቆች ገመድ ለሚስበው ልጅ ሰጠን።
ትንሿን ግን
ዣንጥላውን አጥፈን፣ እጅ አጥሮን፣
በክፍላችን መክፈቻ ካርድ ሰንጥቀን፣
ቆመን፣ ጭማቂው በክርናችን እየወረደ፣
ወፏ ከቀመሰችበት በኩል ጀመርን።
ጫማዬ ነጭ እንደነበር ረስቷል።
ትርሲት አፏን ሞልታ አንድ ነገር አለች፤
የመርከቧ ጡሩንባ ዋጠው።