ሦስት፣ አራት፣ አምስት

ጥቅምት ነው። መሐል ሜዳ፤ ውርጩ ሣር ላይ አድሯል፤
የዘጠነኛ «ሐ» በር ማጠፊያው ተሰብሯል፤
ንፋሱ ሲገፋው ይከፈታል፣ ይዘጋል፣
እንደ አርፋጅ ተማሪ «ልግባ ወይ?» ይለኛል።

ስልሳ ስምንት ናቸው፣ አራት ባንድ ዴስክ ላይ፤
ጋቢ የደረበ፣ በፎጣ ተጠቅልሎ ዓይን ብቻ የሚታይ።
አምና ባፋቸው ነበር የተማሩት ስሌት፤
ዘንድሮ ቁጥሩን ሁሉ ሌላ ቋንቋ ገባበት፤
«ሦስት ማዕዘን» እያሉ ያወቁት ወዳጃቸው
«ትራያንግል» ተብሎ መጣ፣ ስሙን ቀይሮ፣ ደጃቸው።

«ሃይፖተነስ» እላለሁ ጠመኔዬን ይዤ፣
ሰሌዳው ላይ አፍጥጬ፣ በራሴው ድምፅ ፈዝዤ፤
«ሃይፖተነስ» ይላሉ፣ ስልሳ ስምንት አፍ ባንዴ፤
ታቦቱ ያልገባልን የሩቅ አገር ጻድቅ ነው እንዴ?
አልኩ በሆዴ።

«ገባችሁ?» ስላቸው «አዎን» ይሉኛል፤
ይህ «አዎን» ከዝምታ ይልቅ ያስፈራኛል።
«አልገባንም» ቢሉኝ፣ መንገድ ነበረኝ፤
«አዎን» ግን በር የሌለው ካብ ሆኖ አስቀረኝ።

አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት፤ ክፉ ዕድሜ አይደለም፤
ብቻ ከባለቤቱ ገና አልተላመደም።
ድምፁ ትናንት ጎርንኖ ዛሬ ሲቀጥን ያፈረ፣
እጁን ግማሽ አንስቶ ጆሮውን አክኮ የቀረ፣
ምንተስኖት።
ከጓሳ ማዶ መጥታ ቤት ተከራይታ ያደረች፣
ስንቋ በሐሙስ አልቆ ዓርብን በቆሎ የተሻገረች፣
ሁሉም ፊቴ ናቸው።
እኔ የማርመው ግን ደብተራቸውን ነው።

ከኋላ፣ በመስኮቱ በኩል፣ መስታወቱ ከረገፈበት፣
እታፈራሁ ትቀመጣለች፤ ስም ስጠራ «አቤት»
ከማለት በቀር፣ ከመስከረም ወዲህ፣ ቃል የለባት።
ፈተና ላይ ያመጣችው፣ ከሃያው፣ አራት፤
በቀይ እስክሪብቶ «ጥረት ይጎድላታል» ብዬ ጻፍኩባት።

አንድ ማክሰኞ ግን ጠመኔው አለቀ፤
ግምጃ ቤት ላክሁ፤ ባለ ቁልፉ ለቅሶ እንደ ሄደ ታወቀ።
«ውጡ» አልኳቸው። ወጡ፣ እጃቸውን በብብታቸው ሸጉጠው።
«እዚህ ቤት እንሥራ፤ ማዕዘኑ እንዳይጣመም
በምን እናውቃለን?» የመለሰ የለም።
ንፋሱ የባንዲራውን ገመድ ብረቱ ላይ ያንኳኳል።
ከዚያ፣ ከወደ ኋላ፣ አንድ ድምፅ «ገመድ ይኖራል?»
አለ። ዞርኩ፤ ድምፁን አላውቀውም፤ ማን መሆኗን አጣሁ፤
እታፈራሁ።

ምንተስኖት ሮጦ የመረብ ኳሱን ገመድ ፈትቶ ሰጣት፤
በክንዷ ሰፈረች፤ ቋጠረች፤ ማንም አላዘዛት፤
«ሦስት ክንድ፤ ቋጠሮ። አራት ክንድ፤ ቋጠሮ።
አምስት፤ እዚህ ላይ ነው የሚገጥመው ዞሮ።»
ሦስት ልጆች ሦስቱን ቋጠሮ ወጥረው ያዙላት፤
የመጽሐፌን ጥግ አስጠጋሁ፤ ማዕዘኗ ክፍተት የለባት።

«ማን አስተማረሽ?»
«አባዬ ግንበኛ ነው። ገመድ የምይዝለት እኔ ነኝ፤
አንዴ ቢጣመምብኝ፣ ያን ካብ ሙሉ አስፈረሰኝ።»
«ታዲያ ክፍል ውስጥስ?» አልኳት። ጫማዬን አየችው፤
«እሱማ፣ መምህር፣ ሃይፖተነስ ነው፤
ይሄ ገመድ ነው።»

ስድስት ዓመት ሙሉ ከሰሌዳው ጋር ሳወራ፣
ልጆቹ ያጠኑት የኮቴን ጀርባ ነው ለካ፣ የጠመኔውን አቧራ።

ተረት አይደለምና በነጋው ሁሉ አልተቃና፤
እታፈራሁ አሥራ አንድ አመጣች በሚቀጥለው ፈተና፤
ከሃያ። ምንተስኖት ዛሬም ጆሮውን ያካል፤
ጠመኔው መጥቷል፤ በሩ ግን እንደዚያው ይንቋቋል።
ደብተሯ ላይ ያሰፈርኩት ቀይ ቀለም አልለቀቀም፤
ሰረዝኩት፤ ይነበባል፤ ከኔ ዓይን አልራቀም።

ረቡዕ ግን «ገባችሁ?» ስል፣ እንደ ልማዴ ጠይቄ፣
ያን የ«አዎን» ካብ ስጠብቅ ትከሻዬን አጥብቄ፣
ከመስኮቱ በኩል፣ መስታወቱ ከረገፈበት፣
«አልገባንም» አለ አንድ ድምፅ።
«አቤት?»
አልኩ፣
እንደ ተማሪ።