የጊሪሽ ሜትር

ላባሳ፣ ፊጂ ላይ፣ ከሸንኮራው ማዶ፣
የክሊኒኩ ሚዛን ዳኛ ሆኗል ማልዶ።

ሰሬማ ስትወጣ መርፌው ዘለለና፣
«ቀይ መስመር ላይ ነሽ» አላት ሠንጠረዡ ጨከነና፤
ባቷ እንደ ግንድ ነው፣ ትከሻዋም ሰፊ፣
ጀልባ ጎታች ክንዷ፣ ማዕበል ቀዛፊ።

ጊሪሽ ልብስ ሰፊው፣ የክር ታናሽ ወንድም፣
አረንጓዴ ቆሟል፤ የሚሠጋለት የለም።

ቪሊማይና ግን፣ ነርሷ፣ ወረቀቱን ትታ፣
ከጊሪሽ አንገት ላይ ሜትሩን ፈትታ፣
በወገቡ አዞረች።
ከሰፊ ሸሚዝ ሥር የተሸሸገች ቦርጭ
ቁጥሩን አልፋ ቆመች።
«ስኳርህን እንየው» አለች፣ ጣቱን ወግታ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልክ ሲወስድ
የራሱን አያውቅም።

ሰሬማ ከበር ላይ ሳቀች።
«ነይ እንጂ አንቺም፣
ሜትሩ ገና አልተጠቀለለም።»