ምራቂ

መሐል ሜዳ ላይ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣
ማመልከቻ እጽፋለሁ፤ ጣቴ በብርድ ነዶ።
ገጹ በሃያ ብር፣ ኮፒው ለብቻ ነው፤
ኮምፒውተሩ ያረጀ፣ ከደብረ ብርሃን በሰው እጅ የገዛነው።

አንድ ቀን ፋይል መቀየሪያ በነጻ አወረድኩ፣
“ተስማማሁ” የሚለውን ሳላነብ ተጫንኩ።
ሰው ተሰልፎብኝ፣ መብራት ሊሄድ ሲል
ማን አንብቦ ይጨርሳል ያን ሁሉ ውል?
ገበያ የወጣ ሰው ምራቂ ይወዳል፤
ሁለት ጣሳ ገብስ ላይ እፍኝ ሲጨመርለት ማን እምቢ ይላል?

ይሄኛው ምራቂ ግን እግር አብቅሎ ኖሮ
በማግስቱ ስከፍተው ጠበቀኝ፣ ቤት ሠርቶ፣ አጥሮ፤
የመፈለጊያውን ገጽ በገዛ እጁ ቀይሮ፣
በጥጋጥጉ የማላውቀውን ዕቃ ሁሉ ደርድሮ።

አጠፋሁት። “እርግጠኛ ነህ?” አለኝ፣ ወንድ መስዬው።
“ለምን ጠላኸን?” ብሎ ምክንያት አስመረጠኝ፤ ሳልመርጥ ተውኩት፣ ዘጋሁት ጥዬው።
ሻይ ጠጥቼ መጣሁ፣ ማሽኑን አስነሣሁ፤
እዚያው ቦታው! ቆሜ ቀረሁ፣ የማደርገውን አጣሁ።
ደግሜ ነቀልኩት። ደግሞ በቀለ።
ሰርዶ ነው፤ በአባቴ ማሳም እንዲሁ ያለ፣
ቁራጩ ከቀረ ከክረምት ክረምት የሚዘል፣
አህያዋ ሞታም የሚበቅል።

“ፎርማት አድርጊውና ተገላገይ” አለኝ ሞባይል ጠጋኙ መኳንንት።
እህ! ለሰርዶ ተብሎ ማሳ ይቃጠላል? የስንቱ ሰው ቤት፣
ፍቺው፣ ውርሱ፣ ቀለቡ፣ እዚህ አይደል ያለው?
በፍላሽ ላወጣው ብል፣ ፍላሹን ተከትሎ ይመጣል ያ ሰው።

ጋሽ ወልደሰማያት መጡ፣ ባናቸውን ተከናንበው፣
የድንበራቸውን ነገር ለአራተኛ ጊዜ ሊያስጽፉ ነው።
ጎረቤትየው ድንጋዩን ሌሊት ይገፋል፤
እሳቸው ቀን ይመልሱታል፤ ሲመሽ ይደግማል።
“ለመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ፍርድ ቤት” ብዬ ገና ስጀምር
ዱብ አለ አንድ መስኮት፣ ቢጫና ቀይ፣ በእንግሊዝኛ፣ የሚያብረቀርቅ እንደ ብር።
“ምን ይላል ልጄ?” አሉ፣ ወደ መብራቱ ተጠግተው።
እኔም ሳላስበው፣ ቃል በቃል ተርጉሜው፣
“እንኳን ደስ አለዎት፣ አሸንፈዋል” አልኳቸው።

ብድግ አሉ። ባናቸው ከትከሻቸው ወደቀ።
ሰባት ዓመት የተቋጠረ ፊታቸው ተላቀቀ፤
“ከዞን ነው? ማኅተም አለው?” ግንባሬን እየሳሙ፣ እያሉ፤
ወረፋ የያዙትም፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ እልል አሉ።

ከዚህ ወዲያ ያለውን መናገር ያሳፍራል።
ለአንድ ሽማግሌ “ማስታወቂያ ነው” እንዴት ይባላል?
ብቻ አልኩት። ቁጭ አሉ። ባናቸውን አነሡ።
“ቤቱ ያንቺ አይደል እንዴ? ማን ከፈተለት?” አሉኝ፤
ያቺ ጥያቄ ናት ሌሊቱን ያላስተኛችኝ።

ኢንተርኔቱን ቆረጥኩ፣ መስመሩን ነቅዬ፣
በሴፍ ሞድ አስነሣሁት፣ እንደ ሌባ ቀስ ብዬ።
የተሰረዘውን ሳይሆን የሚመልሰውን ፈለግሁ፤
ሌላ ስም ለብሶ፣ “አዘማኝ” ተብሎ፣ ተቀምጦ አገኘሁ።
ትንሽ ነው፣ ድምፅ የለው፤ ከሰዓቱ ጋር ተማክሮ
ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ሟቹን የሚያወጣ ከመቃብር ቆፍሮ።
መጀመሪያ እሱን ገደልኩ። ከዚያ ጌታውን።
ከዚያ የቀጠሮ መዝገቡን፣ የተሸሸገ ዘሩን።
ውጭ የጓሳ ነፋስ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፤
አስነሣሁ። ጠበቅሁ። ደግሜ አስነሣሁ። የለም፤ ጠፍቷል።

በሳምንቱ ጋሽ ወልደሰማያት መጡ፣ ቀጠሮው ለኅዳር ተዛውሮ።
ስክሪኑን አዩት፤ ነጭ ገጽ ብቻ፣ ጸጥ ብሎ፣ ተጠርጎ ኖሮ።
“ያ ሰውዬ ዛሬ የለም?” አሉ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።
“ነቀልኩት ጋሼ፣ አይመጣም።” ጥቂት ዝም ብለው፣
“ይሁን፣ ውሸታም ነበር። ግን በሰባት ዓመት ውስጥ
አሸንፈሃል ያለኝ እሱ ብቻ ነው።”

ወረቀቱን አጠፍኩላቸው። የገጹን ሃያ ብር አልተቀበልኩም፤
የኮፒውን ግን፣ ምን ላድርግ፣ ቀለም ተወዷል፣ አልተውኩም።