የጉማሬው ሒሳብ

አባይ ጣናን ትቶ ሲወጣ ከደጁ፣
ሁለት ጥማድ አለኝ፣ አባቴ በእጁ
ከደንገል የነጠቃት፤
በቆሎ የምዘራባት።

ጉማሬ የሚሉት፣ ያ ባለ ወፍራም ቆዳ፣
ሌት ሌት ይመጣል እንደ ደፋር እንግዳ፣
ሳይጠሩት ገብቶ፣ ሳይመርቅ የሚሄድ፤
የሚበላው ጥቂት፣ የሚረግጠው ጉድ።

አሥራ ሁለት ክረምት ማማ ላይ አደርሁ፣
ቆርቆሮ ደለቅሁ፣ ችቦ ወረወርሁ።
ሽባባው ጎረቤቴ ትዕግሥቱ ቢያልቅበት
ጉድጓድ ቆፈረለት፣ ሹል እንጨት ተከለበት።
አንዲት እናት ገባች።
ሦስት ሌሊት ጮኸች።
በአራተኛው ሌሊት ዝም አለ ወንዙ፤
ማሳዬ ተረፈ፣ ለኔም ተረፈኝ መዘዙ።

ከዚያ ሎጅ ተሠራ፣ ስምንት የሣር ጎጆ።
ሒሳብ ያዥዋ ይታይሽ ደብተሯን ይዛ መጣች፦
«ጋሽ እንየው፣ እንግዳ ባንድ አልጋ ባደረ ቁጥር
ለቀበሌው ገበሬ ይቀመጣል መቶ ብር፤
ጉማሬ የበላው በአገዳ ተቆጥሮ ይከፈላል፤
ግን ጉድጓዱ ይደፈን። ከዳሩም ሃያ ክንድ ለደንገሉ ይለቀቃል።»

«አውሬ ዕዳ ሲከፍል» አልኋት፣ «እንኳን እኔ አባቴም አላየ!»
ፈረምሁ ግን። ውባንቺ ሰባት ቀን አኮረፈችኝ፣
«ያባትህን እጅ ለሣር ሸጥኸው» ብላ።

ደንገሉ ተመለሰ። ከደንገሉ ወዲህ በርበሬ፣
ከበርበሬው ወዲህ በብስባሽ ያደገ ሽንኩርት፤
ሎጁ በኪሎ ይገዛኛል፣ ሽባባውም ቲማቲም ያስረክባል።
ሲመሽ እንግዳ በታንኳ አወጣለሁ።
ያ ቆርቆሮ የደለቀ እጄ
ዛሬ ከፍ ይልና «ዝም!» ያሰኛል፤
ፈረንጁም ያዲሳባውም ሰው ትንፋሹን ይውጣል፤
ሁለት ጆሮ፣ ሁለት ዓይን፣ ከውሃው ብቅ ይላል።

አምና ግን እንግዳ አልመጣም።
ስምንቱም ጎጆ ተቆለፈ፣ የይታይሽ ካዝና ተራቆተ።
እሱ ግን መጣ፤ ለእሱ ማን ነግሮት!
ማማዬ ላይ ወጣሁ። ቆርቆሮው እዚያው ነበር፣ ዝጎ።
አነሣሁት።
ታች በጨለማው አገዳ ሲሰበር ይሰማኛል፣
ማኘክ፣ መተንፈስ፣
ደግሞ ከኋላ አንድ ትንሽ እግር፣ ጭቃው ውስጥ ጧ፣ ጧ።
ለካ እሱ ስለው የኖርሁት
እሷ ኖራለች።

ቆርቆሮውን መልሼ አስቀመጥሁት፣
ቀስ ብዬ፣ እንዳይጮኽ።

ሲነጋ ቆጠርሁ፤ በይታይሽ ደብተር አስጻፍሁ፦
የተበላ፣ አርባ ሁለት አገዳ።
የተከፈለ፣ የለም።
ቀሪ፦
እሷ፣ ልጇ፣ እኔ።