አይ ነጋ

ሰዓት እላፊ ሊገባ ሩብ ጉዳይ ሲቀረው
ወንድሜ ለሜሳ ከሐዲዱ ማዶ በሩጫ መጣ፤
ከሸሚዙ ሥር፣ ከሆዱ ላይ፣
ላብ ያራሰው ካሴት አወጣ።
«ሸምሱ ነው የቀዳልኝ፤
ዋናው ካንድ መርከበኛ፣ ባሰብ በኩል የገባ ነው» አለኝ።

ሽፋኑ ላይ ሁለት ወንዶች፦
አንዱ ወርቃማ ጸጉሩ ትከሻው ላይ የፈሰሰ፣
አንዱ ጥቁር መነጽር፣ ነጭ ሱፍ የለበሰ፤
የፎቶ ፎቶ ነውና ቀለሙ የደበሰሰ፣
ፈገግታቸው ግን አቃቂ ድረስ ደረሰ።

ዐሥር ዘፈን። አምስት በዚህ ፊት፣ አምስት በዚያ።
የፈተላው ማሽን ይደልቃል ከግድግዳችን ወዲያ፤
ከበሯቸው ከማሽኑ ጋራ እኩል ሲረግጥ
ቀን ክር ሲቀጥል የዋለው ጣቴ
ሳላዝዘው ጀመረ ጠረጴዛ መቀጥቀጥ።

ወንዱ በሴት ድምፅ ሽቅብ ሲወጣ ለሜሳ ሳቀ፤
«ይሄኛው ያንቺ ነው፣ ዝናሽ፤
ታችኛውን እኔ እይዘዋለሁ፣ ያን ጉሮሮው የደረቀ።»

እንዲህ ሁለት ሆንን።
እሱ ከአጣና ጊታር ጠርቦ፣
እኔ የክር ቀሰም እንደ ማይክ ጨብጬ፣
በቀበሌው አዳራሽ፣ ከመዝሙሩ ኋላ፣
ሦስት ደቂቃ ተፈቀደልን።
ሊቀመንበሩ «ምንድነው የሚለው?» ቢለን
«ስለ ሰላም ነው፣ ጓድ» ብለን አመለጥን።

ምን እንደሚል ማን ያውቃል!
ለነሱም የሰው ቋንቋ ነው አሉ፣ ጀርመኖች ናቸው፤
በኛ ጆሮ ግን አዝማቹ «አይነጋ» ነው የሚለው።
እሱ ሲያወጣው «አይነጋ»፣
እኔ ስቀበለው «አይ፣ ነጋ!»
ያው ፊደል፣ ያው ዜማ።
እኔ ከሌሊት ፈረቃ የምወጣበት በር ነው የሚታየኝ፤
እሱ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣
ሰሙን ለኔ ትቶ ወርቁን ይዞት ኖሯል ለካ።

ዐሥረኛው ዘፈን አያልቅም።
ካሴቱ አሮጌ ነው፣ ሸምሱ ቆርጦ በጥፍር ቀለም የቀጠለው፤
አዝማቹ ሊደገም ሲል፣ ቋ! ቁልፉ ይነሣል።
«መጨረሻው» ይላል ለሜሳ፣ «እንደ መድፍ አንዴ ያገሣል።»
«የለም፣ ሁለቱ አብረው ይጮሃሉ» እላለሁ እኔ።
በአንድ ሚሪንዳ ተወራረድን።

በጥቅምት ዝርዝሩ ተለጠፈ።
ሽፋኑን ከመታወቂያው ጋር አጠፈ፤
«እኔ መልካቸውን፣ አንቺ ድምፃቸውን» አለና አለፈ።
ሁለት ደብዳቤ ከሰሜን። በሁለተኛው ጠርዝ፣ በእርሳስ፦
«መጨረሻውን ሰማሽው እንዴ? ወይስ...»
ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ የለም።
መርዶም የለም።

ዛሬ ጠዋት ከቃሊቲ መናኸሪያ በሚኒባስ ስመለስ
ሾፌሩ፣ ጢም ገና ያላበቀለ ልጅ፣ ከስልኩ ለቀቀው።
ከመጀመሪያው ምት ዐወቅሁት። ዐሥረኛው ነው።
ፌርማታዬ መጣ፣ ሄደ፤ «ወራጅ» አላልኩም፤
ፋብሪካው፣ ያሁኑ መጋዘን፣ በመስኮት አለፈ፤ ዞሬ አላየሁም።

ቋ የሚልበት ደረሰ። አላለም።
መድፍም የለም፣ ጩኸትም የለም።
አዝማቹን ይደጋግሙታል፣ ይደጋግሙታል፣
አንድ ሰው ቁልፉን ቀስ እያለ ይቀንስባቸዋል፤
እነሱ አላቆሙም።
የሆነ ቦታ አሁንም እያሉት ይሆናል።
ውርርዱን ማናችንም አልበላነው፣ ለሜሳ፤
ሚሪንዳው እዳ ሆኖ ይቀመጣል።

«ወራጅ!»
«እናት፣ አልፎሻል እኮ» አለኝ ረዳቱ።
አምስት ብር ጨምሬ ወረድኩ።