ከወንበሩ ሥር

ሱቄ አዘዞ መንገድ፣ ከጎሚስታው ጎን ናት፤
የሞተ ባትሪ ነው በር የሚጠብቅላት።
አቶ አዛናው መጡ አንድ ማክሰኞ ማታ
ያቺን ነጭ ኮሮላ እየነዱ በዝግታ።
«ስማኝማ» አሉኝ፣ ወዲያ ወዲህ አይተው፣
«የጎረቤቴን መኪና ወሰዱት አስነስተው።
ውሻ እንኳ አልጮኸ፣ መስታወት አልረገፈም፤
ቆልፎት ነበረኮ፤ መቆለፍ አልጠቀመም።
ለኔ ቁልፍ ሥራልኝ፣ ቁልፍ የማይመስል፣
ሌባ ቢዳብሰው እጁ ላይ የማይውል።»

የኋላ ወንበሯን ነቅዬ አስቀመጥኩ፣
ከክዳኑ በታች ሽቦዎቹን ገለጥኩ።
ጎሚስታው ሊያይ መጣ፣ ሲጋራ እንደያዘ፤
«ቤንዚን ነው!» ብለው በቆመበት ፈዘዘ።
በቴስተሬ ነካሁ፤ ቁልፍ ሲዞር የበራ
ቀዩ ነው፣ ባለ ጥቁር መስመሩ፣ የፖምፓው አውራ።
ባትሪውን ፈታሁ። ፒንሳዬን አነሳሁ።
ቆረጥኩት።
መኪና መግደል ማለት ያቺው ናት፤ አንድ ንክሻ፣
ከባዱ፣ ለሁለቱ ጫፍ መፈለግ ነው መሸሻ።
በምንጣፉ ሥር ሰደድኩ፣ በስታኞ አያያዝኩ፣
«የት ይሁን?» ብዬ ቀና ብዬ ጠየቅኩ።
«ከኔ ወንበር ሥር አርገው፣ ከሐዲዱ ኋላ፤
ጎንበስ ላላለ ሰው የማይገኝ በሌላ።»

አጠፋሁት። «አስነሱ» አልኳቸው። ተነሳች!
«እንዴ!» አሉ ደንግጠው።
«ይንዷት፤ ገና ነች።»
ቧንቧው ውስጥ የቀረ ትንሽ ጉርሻ አለ፤
ሌባም ያችን ያህል ይነዳል፣ እየዘለለ።
ከወፍጮ ቤቱ ጥግ አንዴ ሳል አላት፣
ሁለቴ ተናጠች፤ ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት።

አቶ አዛናው ሳቁ እንባቸው እስኪወርድ።
ደግሞ ሳቁን ውጠው፣ ክንዴን ይዘው በግድ፣
«ማንም እንዳይሰማ። ልጆቼም ቢሆኑ።
ወሬ ነው ቤት ከፋች። ማልልኝ» አሉና ጨከኑ።
ማልኩ። የተረፈውን ናስትሮ ምላሴ ላይ ጠመጠምኩ፣
አራት ዓመት ሙሉ ለሚስቴም አልተነፈስኩ።

ከዚያ፣ አንድ ቀን፣
ማታ አቁመው፣ አጥፍተው ገቡ፤
ጠዋት አልወጡም።
ቀሃ ኢየሱስ ሸኘናቸው።
አፈር ሲመለስ እኔ፣ ይቅር ይበለኝ፣
ያቺ ማብሪያ ማጥፊያ ነበረች ትዝ ያለችኝ።

አርባቸው ካለፈ፣ ኢሱዙ ጎትቷት መጣች በገመድ፣
እንደ እልኸኛ ጊደር፣ እምቢ ብላ መሄድ።
እናንየ፣ የበኩር ልጃቸው፣ መሪው ላይ፤
ከኋላ ወንበር ደግሞ ታናሿ፣ ባበይ።

«ፖምፓዋ ተቃጥሏል አሉን፣ ገዝተን ቀየርን።
ፊልትሮ ቀየርን። ካንዴላ ቀየርን።
አንዱማ ‹ባለቤቷን ናፍቃ ነው› አለን።»

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። መሐላ አጥንት ነው፣
እዚህ ጋ ይቀራል ልዋጥህ ስትለው።

«አባትሽ ሲነሱ፣ ከሁሉ በፊት ምን ያደርጉ ነበር?»
«ይሰግዱ ነበራ! በሩን እንደዘጉ፣ ገና ሳይሞቅ ወንበር፣
ግንባራቸው መሪውን እስኪነካ ድረስ።
ወደ ብርሃን ሥላሴ መስሎን፣ እኛም ከኋላ ጎንበስ።
ባበይማ ቀና ሲሉ ‹አሜን› ይል ነበር።»

አንድ ቃል ትንፍሽ አላልኩ።
«ቁልፉን አዙሪና፣ እስኪ ስገጂ» አልኩ።

ጎንበስ አለች። ጥቁር ነጠላዋ ማርሹ ላይ ወደቀ፤
እጇ ማረፊያ አጥቶ ከወንበሩ ሥር ዘለቀ።
ቆየ።
ጠቅ።

ከባበይ በታች ፖምፓው እንደ ንብ ቀፎ እምም አለ።
እናንየ ቀና አላለችም።
ልጁ ግን፣ ልማዱ ነውና፣ «አሜን»።

ሒሳብ አልተቀበልኩም። አልተጠየቅኩም፣ አልተናገርኩም።
ያ የጣሉት ፖምፓ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤
ቆራሌው በሰላሳ ብር ወስዶታል።
ምንም አልሆነም ነበር።